ስለ አዲስ አበባው የአርመን ቤተ ክርስቲያን የምንሳሳታቸው ነገሮችና እውነታው

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ አርመን ሰፈር አለ። እዚያ የምትገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ ስለ እሷና ስለ ሠሯት ስደተኞች የሚወራው ግን ብዙ ነው። ወሬው እውነትና ተረት የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ደጋግሞ የሚነሳውን እየመዘዝኩ ላስተካክል።

«አርመኖች ኢትዮጵያ የገቡት በአርባ ልጆች ነው»

ከሁሉም በላይ የሚሰማው ይህ ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ ልጆች አመጡ፣ ከዚያ አርመኖች በዙ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

አርመናዊ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የታየው ከዚያ በፊት ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ሲልኩ መልእክተኛቸው ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነበር። ሰውዬው በህንድ በኩል ዞሮ፣ በመንገድ ላይ በሰላይነት ተጠርጥሮ ተንገላትቶ ነው ሊዝበን የደረሰው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኾጃ ሙራድ የተባለ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ እስከ ባታቪያ፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ለደቾች የሜዳ አህያ ሳይቀር ስጦታ ይዞ ይመላለስ ነበር።

እነዚህ ግን ብቻቸውን የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሰበካ አያቆሙም። ማኅበረሰብ የሚባል ነገር የተፈጠረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ መጀመሪያ በሐረር፣ ቀጥሎ በአዲስ አበባ ነው። ሰርኪስ ተርዚያን የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነበር። በእንፋሎት የሚሄደውን መንገድ መዳመጫ አምጥቶ ስሙ ከተሽከርካሪው ጋር ስለተጣበቀ፣ «የሰርኪስ ባቡር» ያላለ የአዲስ አበባ ሽማግሌ አይገኝም። ድክራን ኤበያን ለቤተ መንግሥት ዘውድ የሠራ አንጥረኛ ነው። ከዲያርባክር የመጣው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ለልጆቹ አውርሶም ቤተሰቡ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ የነገሥታቱን ፊት ለትውልድ አስቀረ። ከነዚህ ስመ ጥሮች ጀርባ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ግንበኛው፣ ባለ ሱቁ ነበር። ብዙዎቹን ያመጣቸው ንግድ ብቻ አይደለም፤ በኦቶማን ግዛት በ1880ዎቹ አጋማሽ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ጊዜ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ በኋላም በ1907 ዓ.ም. የጀመረው የዘር ማጥፋት ጭምር ነው። ዘመድ ዘመዱን እየሳበ መጣ።

እንግዲህ ልጆቹ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አዲስ ዓመት ሊብት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ ሱቅ፣ ቤትና ንብረት ያለው የአርመን ማኅበረሰብ ከተማው ውስጥ አግኝተዋል ማለት ነው።

«አርባ ልጆች የቤተ ክርስቲያኒቱ መዘምራን ነበሩ»

አልነበሩም። የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ የማርሽ ባንድ ነበሩ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ በአርመን ፓትርያርክ ግቢ ከእልቂቱ የተረፉት ልጆች በሙዚቃ ተቀበሏቸው። አልጋ ወራሹ በፓትርያርኩ ፈቃድ ልጆቹን ወሰዱ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እኚህ ሰው ናቸው በኋላ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት። መዝሙሩ እስከ አብዮቱ ድረስ ተዘምሯል።

ይህ ስህተት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ከልጆቹ ጋር አባ ሆቭሃንስ ሲሞኒያን የሚባሉ ቄስ አብረው መጥተዋል። ቄስ፣ ሕፃናት፣ ኢየሩሳሌም ሲባል የሰው ልብ ወደ ማኅሌት ቢሄድ አይፈረድበትም። ነገር ግን የልጆቹ ሥራ የመንግሥት ሥራ ነበር። ቡድኑም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ፤ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ያደረጉት አስተዋጽኦ ቢኖር እንደ ማንኛውም ምእመን ነው። ናልባንዲያን የሚለው ስም በሙዚቃችን ውስጥ የቀጠለው ደግሞ በወንድማቸው ልጅ በነርሲስ ናልባንዲያን ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ አንድ ትውልድ ሙዚቀኛ ቀርጸዋል።

«ቤተ ክርስቲያኒቱን ያሠሩላቸው ንጉሡ ናቸው»

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኛ ኢትዮጵያውያን መልካም ነገርን ሁሉ ወደ ቤተ መንግሥት የማስጠጋት ልማድ አለን።

ቤተ መንግሥቱ ለአርመኖች በጎ ፈቃድ እንደነበረው አይካድም። ከአድዋ በኋላ ምኒልክ አውሮፓውያንን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። አርመኖች ግን ከኋላቸው የሚቆም መንግሥት፣ ቅኝ የሚገዛ ሠራዊት የላቸውም፤ በዚያ ላይ የሃይማኖት ዘመድ ናቸው። ሙያ ይዞ፣ ስጋት ሳያመጣ የሚገባ እንግዳ የትኛው ንጉሥ ይጠላል? ቢሆንም የምእመናን ጉባኤ በንጉሥ በጎ ፈቃድ ብቻ አይቆምም። በ1930ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር የቆመው የድንጋይ ሕንፃ ስደተኞቹ ራሳቸው፣ በተለይም ነጋዴዎቹ፣ ከኪሳቸው ያወጡበት ሥራ ነው።

የአርመን ሰበካ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅን ይህ አያስገርምም። በኦቶማን ግዛት የነበሩ አርመኖች ከ1855 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው የውስጥ ሕገ መንግሥት ነበራቸው። ያ ሕግ የቤተ ክርስቲያኑንና የማኅበረሰቡን አስተዳደር ለተመረጡ ጉባኤዎች የሰጠ ሲሆን፣ በጉባኤዎቹ ውስጥ የሚበዛው ድምፅ ካህናት ያልሆኑ ምእመናን ድምፅ ነበር። ከቁስጥንጥንያ ወይም ከአናቶሊያ ከተሞች የመጣ ልብስ ሰፊ እንግዲህ ኮሚቴ መምረጥን፣ መዋጮ መሰብሰብን፣ ሒሳብ መመርመርን ከአገሩ ይዞት መጥቷል። ቄስ የሚጠራውም፣ ደመወዙን የሚከፍለውም ጉባኤው ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ኢትዮጵያውያን ይህን ስታነቡ ፈገግ ሳትሉ አትቀሩም። ታክሲ ነጂውና ነርሷ በዶላር እያዋጡ፣ እሑድ ማለዳ የሌላ እምነት አዳራሽ ተከራይተው፣ ቦርድ መርጠው፣ በቦርዱም ተጣልተው፣ መጨረሻ ላይ ሕንፃ ሲገዙ ያየ ሰው የአርመን ሰፈርን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሌላው የሚረሳው ትምህርት ቤቱ ነው። አርመኖች ዛሬ የምናየውን ቤተ ክርስቲያን ከማቆማቸው በፊት ልጆቻቸውን በራሳቸው ቋንቋ ማስተማር ጀምረው ነበር። በኋላ የትምባሆ ነጋዴው ማቲግ ኬቮርኮፍ በሰጠው ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ተጠናክሮ ስሙን ያዘ። ይህ ቅደም ተከተል አጋጣሚ አይመስለኝም። ጸሎት በሰው ቤትም ይደረሳል፤ ቋንቋውን ያጣ ልጅ ግን ነገ በግራባር፣ በጥንታዊው አርመንኛ፣ የሚቀደሰውን ቅዳሴ አይሰማም። ቀጥሎ ክበብ መጣ፣ ስፖርት መጣ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ውድድር ከተሳተፉት አምስት ቡድኖች አንዱ አራራት፣ የአርመኖቹ ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው።

«ያው ግሪኮች ናቸው»

ግሪኮቹ ሌላ ናቸው፤ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም አላቸው። ልዩነቱ የዘር ብቻ አይደለም። ግሪኮች በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ይቀበላሉ፤ አርመኖች እንደ እኛ፣ እንደ ግብፆች፣ እንደ ሶርያውያንና እንደ ህንዶቹ ማላንካራዎች አይቀበሉም። በጥር 1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን የሁለቱ መንበሮች መሪዎች፣ የኤጭሚያጺኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ቫዝገንና የኪልቅያው ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ኾረን ሁለቱም ተገኝተዋል። የሁለቱ መንበሮች ግንኙነት በዚያን ጊዜ ሻካራ ስለነበር፣ በአንድ ጉባኤ መቀመጣቸው ብቻውን ነገር ነበር።

«ሃይማኖቱ አንድ ከሆነ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ለምን አስፈለጋቸው?»

ይህ ጥያቄ ከተሳሳተ ግምት የሚነሳ ነው፤ የእምነት አንድነት የሥርዓት አንድነት ይመስለናል። አርመኖች ለቁርባን እርሾ የሌለው ኅብስት ያቀርባሉ፤ በወይኑም ውኃ አይጨምሩም። በዚህ ከእኛም ከግብፆችም ይለያሉ። ታቦት እንደኛ የላቸውም። ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን ነው የሚያከብሩት፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 6፣ ማለትም ከእኛ ገና አንድ ቀን ቀድሞ። የአርመን እናት ገና ብላ ስትጾም ያደገችበት ቀን፣ ዜማው፣ ሙሾው ሁሉ ሌላ ነው። ሰው አገሩን ሲያጣ የሚይዘው እነዚህን ነው።

ዝምድናው ግን ከአዲስ አበባ ይልቅ በኢየሩሳሌም ይጎላል። በኦቶማን ዘመን የኢትዮጵያ መነኮሳት በቅድስት ከተማ ከአርመን ፓትርያርክ ሥር ተቆጥረው፣ ሲቸገሩም ከአርመኖች ማዕድ ይቀበሉ ነበር። ስለዚህ ራስ ተፈሪ አርባ ልጆችን ሲወስዱ፣ የቆየ ውለታም ነበረ።

«ፊደላቸውን የወሰዱት ከግዕዝ ነው»

አንዳንዶቹ ፊደሎች ከእኛዎቹ ጋር ይመሳሰላሉ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ጽሑፍ ያየ ሁሉ ይህን ይላል። የአርመን ፊደል ግን በ405 ገደማ በመስሮፕ ማሽቶትስ የተሠራ ሲሆን፣ ቅደም ተከተሉ በዋናነት የግሪክን የተከተለ ነው። መመሳሰል የመውሰድ ማስረጃ አይሆንም።

«ደርግ ዘጋባቸው»

ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን አልዘጋም። ያደረገው በሌላ በኩል ነው። በ1967 ዓ.ም. በጥር ፋብሪካዎችና ትልልቅ ድርጅቶች፣ በሐምሌ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። በኪራይ ቤትና በንግድ ላይ የቆመ ማኅበረሰብ በዚያ ዓመት ወገቡ ተመታ። አርመኖቹ በብዛታቸው ጫፍ ላይ በነበሩበት ጊዜ 1,200 ገደማ ይደርሱ ነበር፤ ከአብዮቱ በኋላ አብዛኛው ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ ሄደ። ሰበካን ለማክሰም በሩ ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል እንደማያስፈልግ እዚህ ላይ ይታያል፤ አዋጪው ሲሄድ ቄስ ይጠፋል፣ ቄስ ሲጠፋ ሠርግና ጥምቀት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። በደርግ ላይ ያለን ቅሬታ ብዙ ነው፣ ይህንን ግን በትክክለኛ ስሙ እንጥራው፤ ውርስ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን መዝጋት አይደለም።

«አሁን ባዶ ሕንፃ ናት»

በኢትዮጵያ የቀሩት አርመኖች መቶ ገደማ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያውያን ጋር ተጋብተው የተዋለዱ፣ አማርኛ አፍ የፈቱበት ቋንቋ የሆነላቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ቋሚ ቄስ ካጣች ዓመታት አልፈዋል። እሑድ እሑድ የሚከፍታት፣ ጸሎቱን የሚመራውና የሚጠብቃት ከማኅበረሰቡ የተገኘ ዲያቆን ነው። በአርመን ሥርዓት ዲያቆን ጸሎት ማድረስ ቢችልም መሥዋዕቱን መቀደስ አይችልም፤ ስለዚህ ሙሉ ቅዳሴ የሚኖረው ካህን ከውጭ ሲመጣ ነው። መንገደኛው በአዘቦት ቀን በሩን ዝግ አይቶ «ተዘግታለች» የሚለው ለዚህ ነው። ማየት የፈለገ እሑድ ጠዋት ይሂድ።