ቁንዝላ፦ የጣና መርከብ ማደሪያ ወደብ

ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚሄደው የሕዝብ መርከብ ለብዙ ዓመታት ሲያድር የኖረው እዚህ ነው። ስለ ሐይቁ ገዳማት ብዙ ተጽፏል። መንገደኛው እራቱን በልቶ ስለሚያድርባት ከተማ ግን ከአንድ መስመር ያለፈ እምብዛም አይገኝም።

ከሞተር መርከብ በፊት ዕቃም ሰውም የሚሻገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ በዚህ ሙያ በተለይ በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ይታወቃሉ። በጎርጎራ ወደብ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

ለብዙ ዓመታት የቆየው ፕሮግራም እንዲህ ነበር። መርከቡ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከባሕር ዳር ይነሣል፤ በዘጌና በደቅ ደሴት በኩል አልፎ ቁንዝላ ያድራል፤ ሰኞ ማለዳ ተነሥቶ ደልጊን ነክቶ ከቀትር በኋላ ጎርጎራ ይገባል። መልሱም ሐሙስ ከጎርጎራ ተነሥቶ ቁንዝላ ያድርና ዓርብ ባሕር ዳር ይደርሳል። ፕሮግራሙ በጸጥታም በመርከብ ጥገናም ስለሚለዋወጥ ከጉዞው በፊት ባሕር ዳር ወደብ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው።

በየብስ ባሕር ዳርና ለጎርጎራ ቅርብ የሆነችው ጎንደር የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው። መርከቡ ሁለት ቀን የሚፈጅበት በዝግታው ብቻ አይደለም፤ በየማቆሚያው ጭነት ያራግፋል፣ ይጭናል። ነፋሱም አለ። ጣና ጠዋት ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ይነሣል። ሐይቁ በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ፣ የሚያንገላታ ነው። ሰውና ጭነት በሰላም ሊወርድ የሚችለው ብርሃን ሳለ ስለሆነ ቁንዝላ ላይ ማደሩ ልማድ ብቻ አልነበረም።

የወደቡን ነገር የሚወስነው የውኃው ከፍታ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል፤ በዓመት ውስጥ 1.5 ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምቱ እንዳለቀ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። የወደቡ መድረክ ቦታውን የማይለቅ፣ መርከቡ ግን ከውኃው ጋር የሚወርድ በመሆኑ በጥቅምት በአንድ እርምጃ የሚያልፉት የመሸጋገሪያ ሳንቃ በግንቦት ቁልቁለት ይሆናል። ጆንያ የተሸከመ ሰው የሚንሸራተተውም ያኔ ነው። መርከቡ በሁለት ገመድ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ሳይታሰር ሳንቃው ላይ መውጣት አይገባም። ገመዱ ሳይጠብቅ ማዕበል ከመታው መርከቡ ከመድረኩ ይርቅና ሳንቃው ውኃ ውስጥ ይገባል። በመርከቡና በመድረኩ መሐል እጅ ወይም እግር ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

የውኃው ከፍታ ከ1,785 ሜትር ሲያንስ መርከቦቹ መንቀሳቀስ አይችሉም። በ1995 ዓ.ም. ይኸው ደርሶ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወራት ያህል ቆሟል። ምክንያቱ ያከራክራል፤ አንዳንዱ የዝናቡን ማነስ፣ ሌላው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ በር የተለቀቀውን ውኃ ይጠቅሳል። በሩ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁን መውጫ ስለሚቆጣጠር ሁለተኛውን ምክንያት ከሒሳቡ ማውጣት አይቻልም፤ ድርቁም እንዲሁ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ከምዕራቡ ዳርቻ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቷል፤ በሞተር ላይ የሚጠመጠም በመሆኑ መርከበኞች አጥብቀው ይፈሩታል።

ማደሪያው ቀላል ነው። ከተማዋ የምታቀርበው አልጋ ብዙ ምቾት የለውም፤ ሰዓቱን የሚያውቅ መንገደኛ ከመርከብ እንደወረደ ቀድሞ አልጋ ይይዛል፣ እራት ከዚያ በኋላ ነው። ምግቡ እንጀራና የሐይቁ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ወይም አምባዛ፣ የተጠበሰ ወይም በወጥ። ትኩስ ከተገኘ የባሕር ዳር ምግብ ቤት አይስተካከለውም። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑ አጎበር መያዝ ይጠቅማል። ብልሃርዝያም ስላለ በዳር ውኃ ገብቶ እግር መታጠብ አይመከርም። ገንዘቡ በዝርዝር ብር ቢሆን ይሻላል።

በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለችውን የዱርቤቴ ከተማ ከቁንዝላ የሚያገናኘው የየብስ መንገድ ካለ ወዲህ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው መርከብ የግድ አይጠብቅም። ወደቡን አሁንም የሚፈልጉት በአብዛኛው መኪና የማይደርስባቸው የደሴት ነዋሪዎችና እህል የሚያጓጉዙ ነጋዴዎች ናቸው። ለጎብኚ የሚያስቸግረው የማለዳው መነሣት ነው፤ መርከቡ ጭነቱን እንደጨረሰ ሊሄድ ስለሚችል ተሳፋሪው ሳይነጋ ወደቡ ላይ መገኘት አለበት። ከአልጋ ቤት ጥሪ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። ያመለጠው ሰው በዱርቤቴ በኩል በመኪና ይመለሳል፤ ወይም ቀጣዩን መርከብ ይጠብቃል፤ ያ ደግሞ ቀናት ማለት ነው።