ቲሹ ካልቸር ምንድን ነው? የጣውላ ዛፍን ከአንድ እምቡጥ ማብዛት

ቲሹ ካልቸር ማለት ከአንድ ተክል የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭን ላቦራቶሪ ውስጥ፣ በጠርሙስ አሳድጎ ችግኝ ማድረግ ነው። «በቲሹ ካልቸር የተባዛ ችግኝ ቶሎ ያድጋል» የሚል አባባል አለ። ጅማ ውስጥ ዛፍ ለመትከል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህን ቢያስተካክል ደስ ይለኛል። ላቦራቶሪው ዛፉን አያፈጥነውም። ፍጥነቱ የእናቱ፣ ማለትም ቁራጩ የተወሰደበት ዛፍ፣ ነው። ቲሹ ካልቸር የሚያደርገው ያንን የተመረጠ አንድ ዛፍ፣ ጠባዩን ሳይለውጥ፣ በመቶና በሺህ ማብዛት ነው።

ታዲያ ዘሩን መልቀም ለምን አይበቃም? ቀጥ ካለ ባሕር ዛፍ ዘር ብንለቅም አባቱ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። ከልጆቹ አንዱ ይጣመማል፣ ሌላው ከታች ጀምሮ መንታ ይሆናል። የቡና ገበሬ ይህን ያውቀዋል፦ መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው አባ ቡና የተባለው የቡና ዝርያ ዲቃላ ነው፤ ከማሳ ላይ ዘሩ ተለቅሞ ቢተከል ልጆቹ የተዘበራረቁ ይሆናሉ።

ሥራው የሚጀምረው እምቡጥ ያለበትን ትንሽ አንጓ ከቀንበጥ ላይ በመቁረጥ ነው። አንጓው በሳሙናና በተበረዘ በረኪና ታጥቦ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ምግብ ላይ ይተከላል። ምግቡ ውሃ፣ ማዕድናት፣ ቫይታሚን፣ በሊትር 30 ግራም ያህል ስኳርና የሚያረጋው፣ ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር የሚባል ዱቄት ነው። በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ቀመር ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ለትምባሆ ያወጡት ነው። ስኳር ያለበትን ቦታ ሻጋታም ይወዳልና ጠርሙሱ ከነምግቡ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእንፋሎት ይቀቀላል።

ከዚያ በኋላ የሚመራው ሆርሞን ነው። ሳይቶካይኒን የተባለው ሆርሞን ሲያመዝን ቀንበጥ ይበዛል፤ ኦክሲን የተባለው ሲያመዝን ሥር ይወጣል። አንድ ቀንበጥ በየወሩ ሦስት ይሆናል ብንል፣ በስድስት ዙር 729 ይደርሳል። ዘዴውን ተፈላጊ ያደረገው ይህ ስሌት ነው።

ዛፍ ግን እንደ ሙዝ ቶሎ አይገራም። ሲቆረጥ፣ የተላጠ ድንች እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ ቁስሉ ይጠቁርና ምግቡን ይበክላል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ወደ አዲስ ጠርሙስ መዛወር አለበት። ሌላው ችግር ዕድሜ ነው። አንድ ዛፍ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ካደገ በኋላ ነው፤ ያደገ ዛፍ ቀንበጥ ደግሞ ሥር ማውጣት እምቢ ይላል። መፍትሔው ባሕር ዛፍ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ከተቆረጠው ጉቶ የሚፈነዳው ቡቃያ ከጫፉ ቅርንጫፍ ይልቅ እንደ ሕፃን ይታዘዛል፤ ባለሙያዎቹም ከዚያ ይወስዳሉ።

ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከጠርሙስ በወጣ ሰሞን ነው። ቅጠሉ በእርጥበት ውስጥ ስላደገ ውሃ መቆጠብ አልለመደም፤ የጅማ የበጋ ፀሐይ በቀጥታ ቢያገኘው በአንድ ቀን ይጠወልጋል። መጀመሪያ በፕላስቲክ ሽፋን፣ ቀጥሎም በጥላ ሥር፣ ለሳምንታት ቀስ በቀስ ይለማመዳል።

ለሁሉም ዛፍ ግን አያስፈልግም። ግራቪሊያ በዘር በቀላሉ ይበቅላልና ለእሱ ላቦራቶሪ መሥራት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ዘሩ እንደልብ የማይበቅለው፣ ቲክ የተባለው የጣውላ ዛፍ ግን ሌላ ነው፤ የሕንድ ተመራማሪዎች ካደገ ቲክ በዚህ ዘዴ ችግኝ ማውጣታቸውን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳውቀዋል። ቲክ የቆላ ዛፍ በመሆኑ ለጅማ ወይና ደጋ አልመክረውም። ደግሞም አንድ እናት ብቻ አባዝቶ ኮረብታውን በእሷ መሸፈን አደጋ አለው፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል። ከብዙ እናቶች መውሰድ ይሻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዋንዛ ነው። የቡና ጥላ ነው፣ ጣውላ ነው፣ የጅማ በርጩማም ነው። ለጣውላ ሲፈለግ ቀድሞ የሚወድቀው ቀጥ ያለው ነው፤ ለዘር የሚቀረው ጠማማው። ላቦራቶሪ እስኪመጣ ሳንጠብቅ፣ በቡናው ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚመዘዘውን ዋንዛ ቀለም ቀብቶ ምልክት ማድረግ፣ የተተከለበትን ዓመት የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ጠይቆ መመዝገብ፣ ውፍረቱንም በየዓመቱ በገመድ መለካት ይቻላል።