ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፦ አባባሉና የኃያላን መፈራረቅ

ቅልን የሚያውቅ ሰው የዚህ አባባል ጉልበት ወዲያው ይገባዋል። ቅል ተቦርቡሮና ደርቆ ውኃ ይቀዳበታል፣ ወተት ይናጥበታል፤ ለሁለት ተከፍሎ አንኮላ ሲሆን ጠላ ይጠጣበታል። ቀላል ስለሆነ ለመሸከም ያመቻል፤ ነገር ግን ከእጅ አምልጦ ድንጋይ ላይ ካረፈ አለቀለት። በየቤቱ የሚታወቀው ድንጋይ ቅልን ሲሰብር ነው። አባባሉ ይህን የዘወትር እውነት ገልብጦ ተነሣ፦ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል»። «ቀን የሰጠው ቅል» የሚሉም አሉ፤ ትርጉሙ አንድ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ደካማ የነበረው ዘመን ሲያግዘው ብርቱውን ይጥላል ማለት ነው። ሙሉ ትርጉሙ የሚገኘው ግን ማን እንደሚናገረው ሲታይ ነው። ቅሉ ራሱ አይለውም። ድል የቀናው ሰው «በላቤ ነው»፣ «በፈጣሪ ፈቃድ ነው» ይላል እንጂ «ቅል ነበርኩ፣ ጊዜ ሰጠኝ» ሲል አይሰማም። የሚለው የተሰበረው ነው፤ ወይም መሰንጠቅ የጀመረው። ትናንት ደጅ ይጠና የነበረ ሰው ዛሬ ወንበር ይዞ ሲያዝ፣ ከሹመት የወረዱት ቡና ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሉታል። «ባለጊዜ» የምንለውም በዚሁ ስሜት ነው። ቁጭት አለበት፣ መጽናኛ አለበት፣ ከሁሉ በላይ ንቀት አለበት። ያ ሰው ዛሬም ያው ቅል ነው፣ የተለወጠው ዘመኑ ብቻ ነው ለማለት ነው የሚነገረው።

ለተበደለ ሰው ይህ መጽናኛ ነውና አልነፍገውም። ስለ አገሮች ሲነገር ግን አደገኛ ይሆናል ብዬ አምናለሁ፤ አደጋውም የሚደርሰው በተናጋሪው ላይ ነው። ለዚህ ከቻይና የተሻለ ምስክር የለም፤ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ድንጋይም ቅልም ሆና ታይታለችና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1793 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የላከው ሎርድ ማካርትኒ ወደ ቻይናው ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ ደረሰ። መልእክተኛው ቴሌስኮፕ፣ ሰዓት፣ ሠረገላ፣ መድፍ፣ የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ትልቅ መሣሪያ ይዞ ሄደ። የጠየቀው ቤጂንግ ውስጥ ቋሚ አምባሳደር እንዲቀመጥና ተጨማሪ ወደቦች ለንግድ እንዲከፈቱ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ያመጣውን ሁሉ «እጅ መንሻ» ብለው መዘገቡት፤ ከዚያም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይስገድ አይስገድ የሚል ብዙ ቀን የፈጀ ክርክር ተነሣ። የእኛን ነገሥታት የግብርና የእጅ መንሻ ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሰጪውና የተቀባዩ ማዕርግ የሚለየው በአጎነባበሱ ነው። በመጨረሻ ቺየንሎንግ ለጆርጅ የላከው መልስ አገራችን የሚያስፈልጋት ሁሉ አላት፣ የእናንተን ብልሃት የተሞላበት ዕቃ አንፈልግም የሚል ነበር።

ይህን ባዶ ትዕቢት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው አንገስ ማዲሰን እንዳሰላው፣ በ1820 ከዓለም ጠቅላላ ምርት አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው የቻይና ነበር። እንግሊዝ ከቤጂንግ ሆኖ ለሚያያት ሻይ ለመግዛት ብር ጭና የምትመጣ የሩቅ ደሴት ነበረች። ቅል ነበረች።

ደሴቲቱ ግን ከሰል ቆፍራ፣ ብረት አቅልጣ፣ የእንፋሎት ሞተር ሠርታ ነበር። ለሻይ የሚወጣባትን ብርም ህንድ ውስጥ ቤንጋል ላይ አስመርታ ለቻይና በምትሸጠው፣ ኦፒየም በተባለው አደንዛዥ ዕፅ ማስመለስ ጀመረች። በ1839 የቻይናው ባለሥልጣን ሊን ዘሹ ሁመን ላይ ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ሲያስወግድ፣ ለንደን የጦር መርከቦቿን ላከች። ከነሱ መካከል «ኔሜሲስ» የተባለችው ከብረት የተሠራች የእንፋሎት መርከብ ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ ነፋስ ሳትጠብቅ ትገሰግስ ነበር። ነሐሴ 1842 በተፈረመው የናንጂንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን አስረከበች፣ አምስት ወደቦች ከፈተች፣ 21 ሚሊዮን የብር ዶላርም ካሣ ተጣለባት። በ1860 ደግሞ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤጂንግ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፣ አቃጠለም። ዘራፊዎቹ ማካርትኒ ያመጣቸውን መድፎች እዚያው ተቀምጠው አገኟቸው።

ይህ ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። መድፎቹ 67 ዓመት ሙሉ በግቢው ውስጥ ነበሩ። አንድ አንጥረኛ ተጠርቶ ፈትቶ ቢያያቸው፣ አንድ ሹም ይህን የሠራ አገር ሌላ ምን ይሠራል ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ የሚመጣው ነገር ቀድሞ በታየ ነበር። እንግሊዝን ትንሽ ብሎ መናቅ ያንን ጥያቄ አላስፈላጊ አደረገው። የአባባሉ ጉዳት ይህ ነው፦ ተነሺውን ቅል ካልነው በኋላ የሚሠራውን ለማየት ምክንያት አይኖረንም።

ከዚያ በኋላ ድንጋይ የነበረችው አገር ቅል ሆነች። በ1895 ጃፓን አሸነፈቻት፤ በ1901 ስምንት አገሮች ተባብረው 450 ሚሊዮን ቴል (ቴል የቻይና የብር መመዘኛ ነው) ካሣ ጫኑባት። በዚያው በማዲሰን ስሌት በ1950 ድርሻዋ ከዓለም ምርት ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ነበር።

እንደገና የተነሣችው እንዴት ነው? «ጊዜ ሰጣት» የሚለው ሰው በቂ ማስረጃ አለው። ቤጂንግ ከሞስኮ ጋር በመጣላቷ ዋሽንግተን ፈለገቻት፤ ኒክሰን በየካቲት 1972 ራሱ ሄደ። በኮንቴይነር የሚጭኑ መርከቦች የባሕር ማጓጓዣን አርክሰው ነበር። ሆንግ ኮንግና ታይዋን ያሉ ባለ ፋብሪካዎች ርካሽ ጉልበት ይፈልጉ ነበር። ቻይና ታኅሣሥ 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን፣ አሜሪካ ከሦስት ወር በፊት በደረሰባት ጥቃት ምክንያት ሐሳቧና ገንዘቧ ወደ አፍጋኒስታን፣ ኋላም ወደ ኢራቅ ዞሮ ነበር። በ2008 የምዕራቡ ባንኮች ሲናወጡ ደግሞ የቻይና ካዝና ሙሉ ነበር።

ጊዜ ያልሰጣት ግን አለ። በ1978 መጨረሻ አንሁዊ ክፍለ ሀገር ውስጥ ሺያዎጋንግ በተባለች መንደር 18 ገበሬዎች በምስጢር ተሰብስበው የጋራውን እርሻ በየቤተሰቡ ለመከፋፈል ተፈራረሙ፣ የጣት አሻራቸውንም አሳረፉ። ከመካከላቸው የታሰረ ወይም የተገደለ ቢኖር ልጆቹን ሌሎቹ ሊያሳድጉ ቃል ገቡ። አንሁዊ ከ1959 እስከ 1961 በነበረው ረኃብ እጅግ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ገበሬዎቹ ደፋር የሆኑት የሚያፈገፍጉበት ቦታ ስላልነበራቸው ነው። የሚቀጥለው ዓመት ምርታቸው ብዙ እጥፍ ሆነ፣ መንግሥትም ከመቅጣት ይልቅ ዓይኑን ጨፈነላቸው፤ በኋላ አሠራሩ በመላ አገሪቱ ተዳረሰ። ሼንዘን በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ክልል ተብላ በአንድ ጥግ መሞከሪያ ሆነች። የተሳካው ይስፋ፣ ያልተሳካው እዚያው ይቅር የሚል አካሄድ ነበር። በዚያ ዘመን ቻይናን ከመራው ከዴንግ ዢያዎፒንግ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው የውጭ ፖሊሲ መመሪያም «አቅምህን ሰውር፣ ጊዜህን ጠብቅ» የሚል ነው። ይህ ጊዜ የሰጠውን ቁጭ ብሎ የሚቀበል ቅል አነጋገር አይመስልም። (የተከፈለውን ዋጋ ረስቼ አይደለም። ከ1980 እስከ 2015 በቆየው የአንድ ልጅ ሕግ፣ በ1989 በቲያንአንመን በወደቁት ወጣቶች ላይ የደረሰውን «ዕድገት» ብሎ መሸፈን ግፍ ነው።)

ጊዜ ሰጥቷቸው ያልሰበሩም አሉ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሶቪየት ኅብረት ያልጠበቀችው ሀብት ፈሰሰላት። ብዙውን ለመሣሪያ አዋለችው፤ እርሻዋን ከማሻሻል ይልቅም ስንዴ ከውጭ ገዛችበት። በ1986 ዋጋው ሲወድቅ ምጣኔ ሀብቷ አብሮ ዘመመ፣ በ1991 ኅብረቱ ፈረሰ። ዘመኑ ለቻይናም ለሶቪየትም ቸር ነበር።

በዋሽንግተንም ቺየንሎንግ የሠራው ስሕተት በሌላ መልክ ተደግሟል። ብዙ ጊዜ ስለ ቻይና ይባል የነበረው ጫማና መጫወቻ ትሰፋለች፣ ትኮርጃለች እንጂ አትፈጥርም የሚል ነበር። በ2010 ጃፓንን ቀድማ ሁለተኛዋ ትልቅ ኢኮኖሚ ሆነች፤ ዛሬ ከዓለም የፋብሪካ ምርት 30 በመቶ ገደማ የሚወጣው ከእሷ ነው። አሜሪካ በ2018 ቀረጥ፣ ጥቅምት 2022 ደግሞ የረቀቁ የኮምፒውተር ቺፖች ሽያጭ ላይ ጥብቅ ገደብ ስታወጣ፣ ንቀቱ በአንድ ጊዜ ወደ ፍርሃት ተለውጦ ነበር። አሁን ተራው የቤጂንግ ነው። የሕዝቧ ቁጥር ከ2022 ጀምሮ መቀነስ ይዟል፤ ህንድ በ2023 በሕዝብ ብዛት በልጣታለች፤ በ2022 ደግሞ ይኸው የህንድ ኢኮኖሚ የቀድሞ ገዢዋን የእንግሊዝን አልፏል። ቤጂንግ ስለ ደልሂ «ጊዜ የሰጠው ቅል» ብላ ካሰበች ከራሷ ታሪክ አልተማረችም ማለት ነው።

አባባሉ የማይነግረን ሌላም ነገር አለ። ድንጋዩ ከተሰነጠቀ በኋላም ወንበሩ ላይ ይቆያል። በዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ዋና ውሳኔዎች 85 በመቶ ድምፅ ይፈልጋሉ፤ አሜሪካ ብቻዋን ከ16 በመቶ በላይ ስላላት ያለ እሷ ምንም አያልፍም። የቻይና ድርሻ 6 በመቶ ገደማ ነው። ብራዚልን፣ ሩሲያን፣ ህንድንና ቻይናን ያሰባሰበው፣ ኢትዮጵያም ጥር 1 ቀን 2024 የገባችበት ብሪክስ የተባለው ስብስብ በ2009 የመጀመሪያ የመሪዎች ጉባኤውን ያደረገው ከዚህ አለመመጣጠን በተወለደ ቅሬታ ነው።

የእኛ አገር ዕዳ ለውጡን ከብሪክስ ስብሰባዎች በተሻለ ያሳያል። ታኅሣሥ 2023 ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ገበያ በሸጠችው ቦንድ ላይ ልትከፍል የሚገባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ቀድሞ የድሃ አገር ዕዳ የሚታየው ፓሪስ ክለብ በሚባለው፣ ቻይና አባል ባልሆነችበት የአበዳሪዎች ጉባኤ ነበር። የኢትዮጵያን ጉዳይ የያዘውን የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ ግን በጋራ የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሆነን የኃይል ሚዛን ተለውጧል ስንል፣ በ2012 የተመረቀውን በቻይና ገንዘብ የተገነባውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ብቻ አይተን ባንረካ ደስ ይለኛል። ሕንፃ ስጦታ ነው፤ የዕዳ ጠረጴዛው ግን የባለ ገንዘብ ነው፣ የትኛውም ወገን በዚያ ሲቀመጥ ጥቅሙን አይረሳም።

«ጊዜ የሰጠው» ሲባል ሰጪው ጊዜ ብቻ እንዳልሆነም ይኸው ታሪክ ያስታውሰናል። ጥቅምት 1971 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤጂንግ ሄደው የቻይናን መሪ ማኦን አነጋግረው ነበር። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቻይናን መቀመጫ፣ በጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔን በድምፅ ከመሻር ሥልጣኑ ጋር፣ ከታይፔ (ከታይዋን መንግሥት) ወደ ቤጂንግ ሲያዛውር ውሳኔው በ76 ድምፅ አለፈ፤ ከድጋፉ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የአፍሪካ ነው፣ የኢትዮጵያም እጅ አለበት። መጋቢት 2005 ደግሞ የአፍሪካ መንግሥታት ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው የኤዙልዊኒ ስምምነት የሚባለውን አጸደቁ፦ በጸጥታው ምክር ቤት ለአፍሪካ ሁለት ቋሚ መቀመጫ፣ ከነሙሉ ሥልጣኑ። እስከ ዛሬ አልተሰጠም። በድርጅቱ ቻርተር አንቀጽ 108 መሠረት ማሻሻያ የሚጸድቀው አምስቱም ቋሚ አባላት ሲቀበሉት ነው። ከአምስቱ አንዷ በ1971 የእኛን ድምፅ የተቀበለችው ቻይና ናት፤ አፍሪካውያን ዲፕሎማቶችም ያንን ድምፅ በየስብሰባው ስሙን ጠርተው ሊያስታውሷት ይገባል።