ቅጠሉ ለምን አጠረ? ስለ ጨውና ሰብል የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው በጋ ሸዋ ሮቢት አጠገብ፣ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለሙ አንድ አባት ማሳቸውን አሳዩኝ። ችግኙ ከተተከለ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ከቦዩ ጎን ያለው ደህና ቁመት አውጥቷል፤ መደቡ አናት ላይ ያለው ግን ቅጠሉ ግማሽ ስንዝር አይሞላም። «ልጄ፣ በሽታ ገብቶበታል፤ የሚረጭ መድኃኒት ንገረኝ» አሉኝ። ቀድሞም ሁለት ጊዜ ረጭተውበታል። ቅጠሉን ገልብጬ ባየው ተባይም ነጠብጣብም የለበትም፤ ማጠሩ ብቻ ነው። አፈሩና ውሃው ሲለካ ችግሩ ጨው ሆኖ ተገኘ። በቆላው የምሰማቸው አባባሎች የገበሬውን ገንዘብና ወቅት እየበሉ ስለሆነ ላንሳቸው።

«ጨው ቢሆን ኖሮ ቅጠሉን ያቃጥለው ነበር።»

ማቃጠሉ የኋላ ነገር ነው። ጨው ከሁሉ በፊት ቅጠሉን እንዳያድግ ይይዘዋል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነካው ውሃውን እንደሚለቅ እናውቃለን። በአፈር ውስጥ ያለው ጨውም ውሃውን ወደ ራሱ ስለሚይዝ ሥሩ መሳብ ያቅተዋል፤ መሬቱ ርሶ ተክሉ ይጠማል። አዲስ ቅጠል የሚረዝመው ሴሎቹ በውሃ ተወጥረው ሲለጠጡ ነው። ስለዚህ ጨው ሥሩ ዘንድ በደረሰ በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ እድገቱ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ጨው ገና ኢምንት ነው። የሥሩ እድገት እንኳ የቅጠሉን ያህል አይጎዳም። የጫፍ መድረቅ የሚመጣው ቀናትና ሳምንታት ቆይቶ፣ የጨው ንጥረ ነገሮች የሆኑት ሶዲየምና ክሎራይድ ቅጠል ውስጥ ሲጠራቀሙ ነው። እሱም ከታችኛው፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል፤ ረጅም ጊዜ ውሃ ሲያተን የኖረው እሱ ነውና።

በሽንኩርት ላይ ይህ በጣም ያንገበግበኛል። አንዱን በአግድም ቆርጣችሁ እዩት፤ ያ ሁሉ ቀለበት ያበጠ የቅጠል ግርጌ ነው። ቅጠሉ ሳያድግ ኮረቱ ከየት ይመጣል?

«ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ጤነኛ ነው።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጨው የያዘው ቅጠል ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ ወፈር ያለና ደማቅ ይሆናል። ሴሎቹ ስላልተለጠጡ አረንጓዴው ቀለም በጠባብ ቦታ ታጭቋል። ከቀለሙ ይልቅ ርዝመቱንና ስፋቱን ከጎረቤት መደብ ጋር አስተያዩ።

«ዩሪያ ቢጨመርበት ይነሣል።»

ናይትሮጅን ላልጎደለው ማሳ ማዳበሪያ መጨመር በአፈሩ ውሃ ላይ ሌላ የሚሟሟ ነገር መጨመር ነው። ጥሙን ያባብሰዋል።

«ውሃችን ጣፋጭ ነው፤ ጨው ከየት ይመጣል?»

ከዚያው ከጣፋጩ ውሃ። በሊትር ግማሽ ግራም ጨው ያለበትን ውሃ ብዙ ሰው ሳያማርር ይጠጣዋል። አንድ ሄክታር በአንድ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ እንዲህ ያለ ውሃ ቢጠጣ ግን 2,500 ኪሎ፣ ማለትም 25 ኩንታል ጨው ማሳው ላይ ገባ ማለት ነው። ውሃው ይተናል፤ ጨው ይቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ የክረምቱ ዝናብ አጥቦ ያወርደዋል፤ በቆላው ትነቱ ስለሚያይል ውሃው ከቦዩ ወደ መደቡ አናት እየተሳበ ጨዉን እዚያ ይተወዋል። ነጭ ሆኖ እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነጩ ከመታየቱ በፊት ቅጠሉ አጥሯል።

«ማሽላው ችሎታል፤ ሽንኩርቱም ይችላል።»

አይችልም። የአፈር ጨዋማነት የሚለካው ዴሲሲመንስ በሜትር በሚባል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጨው በዝቷል ማለት ነው። የሽንኩርት ምርት ከ1.2 ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ አንድ ቁጥር 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማሽላ እስከ 6.8፣ ገብስ እስከ 8 ድረስ ይታገሣሉ። ማሽላ የተመቸው ማሳ ለሽንኩርት ዋስትና አይሆንም።

«ኖራ ይበተንበት።»

ኖራ የደጋው አሲዳማ አፈር መድኃኒት ነው። ጨው የሚወጣው ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ውሃ ለቆ ወደ ታች በማጠብ ነው፤ ያ ውሃ መውጫ ከሌለው ግን ጨዉ ተመልሶ ይመጣል። ሶዲየም ለበዛበት አፈር ከመታጠቡ በፊት ጂፕሰም የተባለ ካልሲየም ያለው ማዕድን ይጨመራል፤ ይህን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው።

እኒያ አባት አሁን ማሳቸው ግርጌ የማፋሰሻ ቦይ ቆፍረዋል። የሚቀጥለውን ችግኝ የሚተክሉት ከመደቡ አናት ወረድ አድርገው፣ ጎኑ ላይ ነው።