ሰንጢን ቤት ውስጥ ማሳመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሰንጢን እጀታ መቀየር፣ አከፋፈቱን ማለስለስ፣ ቀለሙን መለወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ብዙ ጥሩ ሰንጢ የሚበላሸው ከዚህ በታች ያሉትን አባባሎች አምኖ በተነሳ እጅ ነው።

«ብሎኑ እንቢ ካለ በጉልበት ይፈታል»

ጉልበት የብሎኑን ጭንቅላት ይልጠዋል እንጂ አይፈታውም። የአብዛኞቹ ዘመናዊ ሰንጢዎች ብሎን የኮከብ ቅርጽ ያለው ቶርክስ ነው፤ የእጀታው ቁጥር 6፣ የመዞሪያው (ስለቱ የሚዞርበት) ቁጥር 8 መሆኑ የተለመደ ነው። ተቀራራቢ የአለን ቁልፍ የገጠመ ይመስላል፤ የሚይዘው ግን የኮከቡን ጫፎች ብቻ ስለሆነ ይሸረሽራቸዋል። ብሎኑን ያደረቀው ጥርሱ ላይ የተቀባ ማጣበቂያ ነው። የጋለ የሊድ ካውያ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብሎኑ ላይ ቢያርፍ ማጣበቂያው ይለሰልሳል። እጀታው ፕላስቲክ ከሆነ ሙቀቱ እንዳያጣምመው ከዚያ ባነሰ ጊዜ እየደጋገሙ መሞከር ይሻላል። ሲገጠም ከብሎን ማጣበቂያዎች ሰማያዊው በትንሹ ይበቃል። ቀዩን ለመፍታት 250 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈልግ ለሰንጢ አይሆንም።

«ስለቱ ከተነቃነቀ የመዞሪያውን ብሎን ማጥበቅ ነው»

ወደ ጎን ከሆነ፣ አዎ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስምንተኛ ዙር ሳይበልጥ። ተከፍቶ ወደ ላይና ወደ ታች ከተነቃነቀ ግን ችግሩ መቆለፊያው ላይ ስለሆነ ማጥበቁ ስለቱን ከማክበድ በቀር አይጠቅምም።

«መቆለፊያው ካጣበቀ ፊቱን በሞረድ ማለስለስ ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በላሜራ በሚቆለፍ ሰንጢ፣ ስለቱ ሲከፈት ላሜራው ወደ ውስጥ ገብቶ የስለቱን ጭራ ከኋላ ይደግፋል። የሚነካካው ፊት ብዙውን ጊዜ 8 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። በዚህ ዝንባሌ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሞረድ ላሜራው ከቀድሞው 0.7 ሚሊሜትር ያህል አልፎ ይቆማል። ውፍረቱ 1.4 ሚሊሜትር ለሆነ ላሜራ ይህ ግማሹ ነው፤ ዓመታት የሚፈጀው መበላት በጥቂት ፍግታ ያልቃል ማለት ነው። ሞረዱ ዝንባሌውን ካዛባው ደግሞ ስለቱ በሥራ መሀል ጣት ላይ ይታጠፋል። ማጣበቁን ለማስቀረት ፊቱን በአልኮል ጠርጎ በመጻፊያ እርሳስ መቀባት ይበቃል።

«ዘይት በበዛ ቁጥር ይለሰልሳል»

የበዛ ዘይት አቧራ እየሰበሰበ ጭቃ ይሆናል። በመዞሪያው በኩል በእያንዳንዱ ጎን አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ልዩነት የሚያመጣው በስለቱና በእጀታው መሀል ያሉትን የነሐስ ሮንዴላዎች ማለስለስ ነው፦ 1000፣ ቀጥሎ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግቶ፣ ውሃ አርከፍክፎ፣ ሮንዴላውን በጣት ጫፍ እያዞሩ በእኩል ጫና ማሸት። ጫናው ወደ አንድ ወገን ካደላ ሮንዴላው በዚያ በኩል ይሳሳና ስለቱ ሲታጠፍ መሀል ላይ አያርፍም።

«ስለቱን በግራይንደር መሳል ጊዜ ይቆጥባል»

የስለቱ አፍ ስስ ስለሆነ በቅጽበት ይግላል። ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ በብዙ ብረቶች ላይ ያ ቦታ ለስልሶ ቶሎ ይደንዛል። ቀለሙን መፈግፈግ ጥንካሬውን አይመልስም። በውሃ የራሰ መሳያ ድንጋይ ይሻላል።

«የቲታኒየም እጀታ ቀለሙ ቅብ ነው»

በኤሌክትሪክ የሚወጣው ቀለም ቅብ አይደለም፤ ብርሃን ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ላይ ሲንጸባረቅ የሚታይ ነው። የሽፋኑን ውፍረት፣ ስለዚህም ቀለሙን፣ የሚወስነው ቮልቱ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች 27 ቮልት ሰጥተው ሰማያዊ ያወጣሉ፤ ስድስት ቢሆኑ ወደ ወርቃማ ቢጫ ይሄዳል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይሟሟል። ፖዘቲቩ ከእጀታው፣ ኔጌቲቩ ውሃው ውስጥ ከገባ የአሉሚኒየም ፎይል ጋር ይያያዛል። ሁለቱ መነካካት የለባቸውም፤ የጎማ ጓንትም ያስፈልጋል። ብሎኖቹና ኩሽኔታው አስቀድመው ይውጡ፤ ብረት ከሆኑ በፈሳሹ ውስጥ ይበላሉ። የጣት ቅባት በቀለሙ ላይ ነጥብ ሆኖ ስለሚቀር እጀታው በአሴቶን ይጠረግ። ቮልት ደግሞ ከዝቅተኛው መጀመር ነው፦ ሽፋኑ አንዴ ከወፈረ ቮልቱን መቀነስ ወደ ቀድሞው ቀለም አይመልሰውም።