ትኩስ ስለሆነ ብቻ ሱሺ አይሆንም፦ ስለ ዓሣ፣ ስለ ድራፍትና ስለ ሱሺ ሀዋሳ ላይ የሚወራው

ሙያዬ ኩሽና ነው። ሀዋሳ ውስጥ ሆቴል እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስከፍትና ፊሌ ሳወጣ እውላለሁ። ማታ ድራፍት ቤት ስቀመጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ሼፍ ይሆንብኛል። አንዱ የቢራ ተንታኝ ነው። ሌላው የየትኛው ቤት ዓሣ "ኦሪጅናል" እንደሆነ ይፈርዳል። ሰሞኑን ደግሞ የጃፓኑ ምግብ ሱሺ ተጨምሯል። አዲስ አበባ አንዴ የቀመሰም፣ ስልኩ ላይ ብቻ ያየም እኩል ያስረዳናል። አብዛኛውን ሰምቼ አልፋለሁ። አንዷን ግን ማለፍ አቅቶኛል። እሷጋ እስክንደርስ ትናንሾቹን ቶሎ ቶሎ እንጨርሳቸው።

"ሐይቅ ዳር ያለ ቤት ዓሣው ትኩስ ነው"

ወንበሩ ሐይቅ ዳር ተደረደረ እንጂ ዓሣው ዛሬ ወጣ አልተባለም። ጀልባዎቹ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚያራግፉት ጠዋት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚቀርብላችሁ ዓሣ ቀኑን የት ዋለ? ጥያቄው እሱ ነው። አቶቴ በኩል ከሐይቁ ርቆ በረዶ ላይ የዋለው፣ ውሃው ዳር ፀሐይ ላይ ከዋለው ይሻላል። ከተጠራጠራችሁ "ሳይጠበስ አሳዩኝ" በሉ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ጥሩ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደና ከደፈረሰ ሽሮ እዘዙ።

"እዚህ የሚበላው ሁሉ የሐይቃችን ዓሣ ነው"

አይደለም። የሀዋሳ ሐይቅ ዋነኞቹ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ናይል ፐርች ሐይቃችን ውስጥ የለም። ወፍራም ነጭ የፐርች ፊሌ ከቀረበላችሁ፣ አርባ ምንጭ በኩል ከጫሞ ወይም ከአባያ መጥቶ ይሆናል እንጂ ከዚህ አልወጣም። ጥሩ ዓሣ ነው፣ ብሉት። አስተናጋጁ "ከዚሁ ከሐይቃችን ነው" ሲላችሁ ግን ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

"አምባዛ መርዝ አለው"

ወሬ ነው። ቅርፊት ስለሌለው በእምነቱ የማይበላ ሰው አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አከብራለሁ። ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውንም ለአባቶች ትቼዋለሁ።

"ድራፍት ውሃ የተቀላቀለበት ቢራ ነው"

እዚሁ ከተማችን የቢጂአይ ፋብሪካ እያለ፣ ቢራ ሲጠመቅ የሚያውቅ ጎረቤት የጠፋ ይመስል ይቺ ወሬ አትሞትም። በርሜል ውስጥ የሚገባው ጠርሙስ ውስጥ ከሚገባው ጋር አንድ ቢራ ነው። ብቅሉ፣ ሆፕሱ፣ እርሾውና ውሃው ያው ነው። ጣዕሙ የሚበላሸው መጠጥ ቤቱ ውስጥ ነው። ከበርሜሉ እስከ መቅጃው ያለው ቱቦ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ አለበት። ካልታጠበ እርሾና ባክቴሪያ ይይዛል፤ ያ ኮምጠጥ የሚለው ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፋብሪካውን ከመርገም ቱቦው መቼ እንደታጠበ ጠይቁ። መልስ የሌለው ቤት ጠርሙስ ይጠጣል።

አረፋ ላይም ጠብ አለ። "አረፋ ሸጠልኝ" ብሎ ከአስተናጋጅ ጋር የሚጣላ ሰው በየቀኑ አያለሁ። ጃምቦው ግማሽ ድረስ አረፋ ከሆነ እውነት አለው። ሁለት ጣት ያህል ግን መኖር ያለበት ነው፤ መዓዛውን ይይዛል። ጭራሽ አረፋ የሌለው ብርጭቆ ነው የሚያጠራጥረው፤ ብዙ ጊዜ ቅባት ወይም ያልለቀቀ ሳሙና አለበት።

"ጥቁር ቢራ አልኮሉ ብዙ ነው"

ቀለሙን የሚሰጠው አብዝቶ የተቆላ ብቅል ነው። ከሰል የመሰለው የአየርላንዱ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ ነው፤ ከእኛ ነጫጮቹ ብዙዎቹ 5 በመቶ አካባቢ ናቸው።

"ቢራ ኩላሊት ያጥባል"

ይቺን ሐኪሞች ቢመልሱ ይሻላል፤ ግን ማንም ሐኪም ድራፍት ቤት ቁጭ ብሎ ሲከራከር አላየሁም። አልኮል ሰውነት ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሆርሞን ያፍናል። ለዚህ ነው ሽንት ቤት የምንመላለሰው። ሰውነት ውሃ አጣ እንጂ ኩላሊት ታጠበ አይባልም። ሽንት የሚያበዛ ነገር ከፈለጋችሁ ውሃ አለ፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሱሺው እንግባ።

"ጥሬ ዓሣ የሌለበት ሱሺ የውሸት ነው"

የሱሺ ዋናው ነገር ሩዙ ነው። በሩዝ አቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተቀመመ፣ ሲያዙት የሚያያዝ ሩዝ። ላዩ ወይም ውስጡ የሚገባው ኪያር ሊሆን ይችላል፤ ጃፓኖች በኪያር ብቻ የሚጠቀለል ሱሺ አላቸው። የእንቁላል ጥብስ አለ። የተቀቀለ ሽሪምፕ አለ። ለሱሺ የሚውለው ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ደግሞ ሁሌም በስሎ ነው የሚቀርበው። ጥሬ ዓሣ ብቻውን ያለ ሩዝ ሲቀርብ ሳሺሚ ነው የሚባለው፤ ሱሺ አይደለም።

ስለዚህ አንድን የሱሺ ቤት መገምገም የፈለገ ሰው ዓሣውን ትቶ ሩዙን ይቅመስ። በባስማቲ ከተሠራ አልቋል፤ ባስማቲ እንዲበታተን የተፈጠረ ሩዝ ነው። ለሱሺ የሚሆነው አጭር ፍሬ ያለው የጃፓን ዓይነት ነው። ከፎገራ የሚመጣውን ሞክሬዋለሁ። ከባስማቲ በእጅጉ ይሻላል፤ ስባሪው ይበዛል እንጂ። ስባሪውን ካልለቀማችሁ ገንፎ ይሆንባችኋል። ሌላም ነገር አለ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የጃፓን አሠራር እያየ ደቂቃ የሚቆጥር ሰው መሐሉ ያልበሰለ ሩዝ ያወጣል። ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ ጊዜውንም አርዝሙ፣ ከወረደ በኋላም ክዳኑን አትክፈቱ። ሩዙን ፍሪጅ ውስጥ የሚያሳድር ቤት ካያችሁ ደግሞ አትመለሱ፤ ይደርቃል።

"ሳልመን የሌለው ኦሪጅናል አይደለም" የሚባለውም አለ። ጃፓኖች ድሮ ሳልመን ጥሬውን አይበሉም ነበር፤ በአካባቢያቸው የሚጠመደው ጥገኛ ትል ስለሚበዛበት ያበስሉት ነበር። እርሻ ላይ ያደገ ሳልመን ለሱሺ እንዲገዙ ያግባቧቸው ኖርዌጂያኖች ናቸው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ። ከሱሺ ጋር የሚቀርበው አረንጓዴና የሚያቃጥል ማባያ፣ ዋሳቢስ? አብዛኛው ቀለም የተቀባ ሆርስራዲሽ የሚባል የሚያቃጥል ሥርና ሰናፍጭ ነው። ሱሺን በእጅ መብላትም ነውር አይደለም።

"የእኛ ዓሣ አሁን ከሐይቁ የወጣ ስለሆነ ጥሬውን ቢበላ ከጃፓን ሱሺ ይበልጣል"

ደረስን። ያስመረረችኝ ይቺ ናት።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ዓሣው ይከፈታል፣ ፊሌው ይወጣል፣ በዳጣ ወይም በሚጥሚጣ ጥሬው ይጎረሳል። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ እንግዳ ሲመጣብኝ እኔም እወስዳለሁ። ግን "ይኸው ሱሺ! ቶኪዮ ምን አስኬደህ?" ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

መጀመሪያ ጃፓኖቹ የሚሠሩትን እንይ። "ከባሕር አውጥተው እዚያው ይበሉታል" የሚለው ተረት ነው። ዛሬ የምናውቀው በእጅ የሚጨበጠው ሱሺ የተስፋፋው ቶኪዮ ኢዶ በምትባልበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው። ያኔ ፍሪጅ የለም። ዓሣው በጨው ይታሽ ነበር፣ በአቼቶ ወይም በሶይ ሶስ ይዘፈዘፍ ነበር፣ ወይም ይቀቀል ነበር። አሁን ደግሞ ከሩቅ ባሕር የሚጠመደው ቱና መርከቡ ላይ እንዳለ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። የሐይቅ ዓሣ ሱሺም አላቸው። ከቢዋ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ በጨው፣ ከዚያም በሩዝ ታሽጎ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እንዲብላላ ይደረጋል። ልብ በሉ፦ የሐይቅ ዓሣቸውን ያን ያህል ጊዜ ያቆዩታል። እኛ አምስት ደቂቃ።

የሀዋሳ ሐይቅ ዓሣ ውስጥ ኮንትራሲከም የሚባል ትል አለ። ተጠንቷል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓኖችን ከሚያስጨንቀው ከአኒሳኪስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቆሮሶን ስትከፍቱ ልቡ አካባቢ ታገኙታላችሁ፣ አምባዛ ላይ ደግሞ ሆድ ዕቃው ውስጥ። ትሉ መጨረሻ መድረስ የሚፈልገው ፔሊካንን የመሳሰሉ ዓሣ በላ ወፎች ሆድ ነው። ሰው ላይ የሚያመጣው በሽታ ብዙ ጊዜ አልተመዘገበም። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለ ትል ለመዋጥ ይህ ምክንያት አይሆንም።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ጥሬ ቆሮሶ ካልሠራህልኝ ብሎ ድርቅ አለ። "አሞራ ገደል በልቼዋለሁ፣ አንተ ምን ያስፈራሃል?" አለኝ። ኩሽና አስገባሁት። ዓሣውን ፊቱ ከፈትኩና ትሉን በቢላዋ ጫፍ አውጥቼ አሳየሁት። ይንቀሳቀስ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ። "በቃ ለብለብ ይሁንልኝ" አለ። ለብለብም አላደረግሁለትም። ደረቅ አድርጌ ጠበስኩለት፣ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠው።

ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። ሎሚ ይገድለዋል ይላሉ። ሎሚ ሥጋውን ነጭ ያደርገዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል፤ ትሉ ግን ለጨጓራ አሲድ የተዘጋጀ ፍጥረት ነው፣ ሎሚ ምኑ ነው? ጃፓን ውስጥ በአቼቶ የተዘፈዘፈ ማኬሬል በልተው በአኒሳኪስ የሚታመሙ ሰዎች አሉ። ሚጥሚጣ ይገድለዋል ይላሉ። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው እናንተን ነው። ድራፍት ይጠጣበታል ይላሉ። 5 በመቶ አልኮል ትሉን አያሰክረውም። አረቄውም ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀጥናል።

የመጨረሻው መከራከሪያ ሁሌም አንድ ነው፦ "ስንት ዓመት በልቼ ምንም አልሆንኩም፤ ጥሬ ሥጋ የለመደ ሆድ ዓሣ ምን ያደርገዋል?" ወንድሜ፣ ጥሬ ሥጋ የለመደ ሆድማ ኮሶ ይዞት መድኃኒት የዋጠ ሆድ ነው። አልለመደም፤ ታክሟል።

ትሉ ደግሞ ግማሹ ነገር ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም። የከተማው ጎርፍ የሚገባው እዚያ ነው። ቢላዋውና ጣውላው በዚያው ውሃ ለቅለቅ ተደርገው ለቀጣዩ ሰው ይውላሉ። ተቅማጥ ይዞት "ምግብ መረዘኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ከትሉ ይልቅ ባክቴሪያ ነው ያገኘው። ይሄን ደግሞ ማቀዝቀዝም አይገድለውም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌና ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ጥሬውን ጭራሽ መንካት የለበትም።

ለጥሬ የሚሆን ዓሣ ይቀዘቅዛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምክር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ ድንጋይ እስኪመስል ቀዝቅዞ ለ15 ሰዓት ነው። የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ነው፤ ያውም መብራት ካልሄደ። በሀዋሳ መብራት 7 ቀን የምትቆጥሩ ካላችሁ ጎበዞች ናችሁ። "ውጭ አገር ቆሮሶ ለሱሺ ይውል የለም ወይ?" ይሉኛል። ይውላል። እርሻ ላይ በቁጥጥር አድጎ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ።

ሱሺ ካማራችሁ እዚሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሲዳማ አቮካዶ ሞልቶታል። ኪያር አለ፣ እንቁላል አለ። ቆሮሶውን በጨውና በዝንጅብል አሽታችሁ ጥበሱት፤ መሐሉ 63 ዲግሪ ይድረስ፣ ቴርሞሜትር ከሌለ ሥጋው ነጭ ሆኖ በሹካ እስኪፈረፈር። ሲቀዘቅዝ ከአቮካዶ ጋር በሩዙ ጠቅልሉት። ትንሽ ዳጣ ጣል ብታደርጉበት ማንም ጃፓናዊ መጥቶ አይከሳችሁም። አጠገቡ ቀዝቃዛ ቢራ፤ ጃፓንም ሱሺ በቢራ ይበላል።

ሬስቶራንት ገብታችሁ ሜኑው ላይ ጥሬ ዓሣ ካያችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዓሣው ከየት መጣ፣ በስንት ዲግሪ ቀዘቀዘ፣ ስንት ቀን ቆየ። ሼፉ ሳይቆጣ ከመለሰላችሁ ብሉ። "ዛሬ ጠዋት ነው የወጣው፣ ትኩስ ነው!" ካላችሁ የአቮካዶውን እዘዙ።