ኦህሪድ፦ ሐይቁን ሳይቀላቀል ስለሚያቋርጠው ወንዝና ሌሎች ወሬዎች

«ኦህሪድ ልሄድ ነው» ስትሉ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «የት ነው እሱ?» ብሎ ነው። ሰሜን መቄዶንያ ውስጥ፣ ከአልባንያ ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች ጥንታዊ ከተማ ናት። ወደ 40 ሺህ ሰው ይኖርባታል። ከዚህ በኋላ ሁሉም የሰማውን ያወራል፤ ከሚወራው ውስጥ ደግሞ ልክ ያልሆነው ብዙ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መቄዶንያ? ያቺ ጳውሎስ የሄደባት?»

እንዲህ የሚለው መጽሐፉን ያነበበ ሰው ስለሆነ አይፈረድበትም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ጳውሎስ «ወደ መቄዶንያ ተሻገር» የሚለውን ሰው በራእይ አይቶ ተሻግሯል። የተሻገረው ግን ወደ ፊልጵስዩስ ነው፤ ከዚያም ወደ ተሰሎንቄ። ሁለቱም ዛሬ ግሪክ ውስጥ ናቸው። ይህች አገር በ1991 ነጻ ስትወጣ ከግሪክ ጋር በስሙ ስትጨቃጨቅ ኖራለች። በ2018 ፕሬስፓ ሐይቅ ዳር ተስማምተው ፈረሙ፤ በ2019 «ሰሜን» የሚለው ተጨመረ። የኦህሪድ አየር ማረፊያ በሐዋርያው ጳውሎስ ስም መጠራቱ ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ያወሳስበዋል።

«ወንዙ ሐይቁን ሳይቀላቀል ያቋርጣል»

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሳቁ ይመጣል። ስለ አባይና ጣና ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ወሬ እኮ ነው! በኦህሪድ በኩል የሚባለው እንዲህ ነው፦ በደቡብ ጫፍ፣ በቅዱስ ናኦም ገዳም አጠገብ የሚፈልቀው ውሃ ሐይቁን እንደ ክር ሰንጥቆ ያልፍና በሰሜን በኩል፣ ስትሩጋ ከተማ ላይ፣ ጥቁር ድሪን የሚባል ወንዝ ሆኖ ይወጣል።

መግባቱም መውጣቱም እውነት ነው። ውሸቱ መሃሉ ላይ ነው። የኦህሪድ ሐይቅ ስፋቱ 358 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና በስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። በጥልቀት ግን አይገናኙም። ጣና 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ኦህሪድ 288 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ውሃ እስኪወጣ ድረስ በአማካይ 70 ዓመት ገደማ ይቆያል። ሰባ ዓመት አብሮ ኖሮ «አልተቀላቀልንም» አይባልም።

እኔን የሚገርመኝ ከተረቱ ይልቅ እውነቱ ነው። ከጋሊቺጻ ተራራ ማዶ ፕሬስፓ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ። ከኦህሪድ 150 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውስጡ በስንጥቅና በዋሻ የተሞላ። የፕሬስፓ ውሃ ወደ ተራራው ሆድ ይሰርግና በጨለማ ተጉዞ ናኦም ጋ ይፈልቃል። ስለዚህ ተአምር ፈላጊ ካላችሁ፣ ተአምሩ ያለው ከተራራው ሥር ነው። ገዳሙ አጠገብ ትንንሽ የቀዘፋ ጀልባዎች አሉ። ጀልባው ምንጮቹ ላይ ሲደርስ ቁልቁል እዩ። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ አሸዋው እንደ ፈላ ገንፎ ሲንቦቀቦቅ ይታያል።

ሐይቁ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ የሚስተካከል ማግኘት ከባድ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ200 በላይ የሕይወት ዝርያዎች ይኖሩበታል። የኦህሪድ ትራውት ዓሣ አንዱ ነው። ምግብ ቤቶች በስሙ የሚሸጡት ሁሉ ግን ከሐይቁ የወጣ አይደለም፤ ከእርባታ የመጣም ብዙ ነው። ሳታዝዙ በፊት ጠይቁ።

«365 ቤተ ክርስቲያን አላት»

ለዓመቱ ቀን ሁሉ አንዳንድ መሆኑ ነው። ሲሉት ያምራል። አስጎብኚዎችም ይወዱታል። ነገር ግን ዛሬ ቆማችሁ ብትቆጥሩ እዚያ ቁጥር አጠገብ አትደርሱም። ደግሞ ማን ሊቆጥር ይሄዳል? ሦስቱን ረጋ ብላችሁ ካያችሁ ይበቃል።

የፖስታ ካርዱ ኮከብ ካኔዎ የሚባለው ቋጥኝ ላይ ያለው ቅዱስ ዮሐንስ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእሱ ውበት በውጭ ነው፤ ውስጡ ጠባብ ሲሆን ከሥዕሉም የተረፈው ጥቂት ነው። ቅድስት ሶፊያ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት። በኦቶማን ዘመን መስጊድ ሆና ግድግዳዋ በኖራ ተቀብቶ ነበር። ሥዕሎቹ ጠፉ ሲባል ኖራው ራሱ ሸፍኖ አቆያቸው።

የእኔ ምርጫ ግን ፔሪቭሌፕታ ናት። ከውጭ ሲያዩዋት ምንም አትመስልም፤ ሰው ፎቶ ሳያነሳት ያልፋታል። በ1295 ሚካኤልና ኤውቲኪዮስ የሚባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ውስጧን ሞሉት። በዚያ ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፉ የተለመደ አልነበረም። እነሱ ግን በሰማዕታቱ ልብስና መሣሪያ ላይ ስማቸውን ሸሽገው ጽፈዋል። ፈልጉት፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ በተለይ ጥሩ ጨዋታ ነው።

«የሲሪሊክ ፊደል እዚህ ነው የተፈጠረው፤ ፈጣሪውም ቄርሎስ ነው»

ሲሪሊክ ማለት መቄዶንያውያንም ሩሲያውያንም የሚጽፉበት ፊደል ነው። ቄርሎስ (የእስክንድርያው ሳይሆን፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ለስላቭ ሕዝቦች የሰበከው) የቀረጸው ፊደል ግን ግላጎሊቲክ ይባላል፤ መልኩም ሌላ ነው። እሱ በ869 ሮም ውስጥ አረፈ፤ ኦህሪድ ላይ አላስተማረም። ያስተማረው ደቀ መዝሙሩ ቅዱስ ክሌመንት ነው። በ886 ወደዚህ አካባቢ መጥቶ በስላቭ ቋንቋ የሚያነቡና የሚያስተምሩ ካህናትን አፈራ። ሲሪሊክ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ብዙ ምሁራን የተቀረጸው ፕሬስላቭ፣ በዛሬዋ ቡልጋርያ ነው ይላሉ። ይህን ግን ኦህሪድ ካፌ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አታውሩ። ቡና ሳትጠጡ ታመሻላችሁ።

«የኦህሪድ ዕንቁ ከሐይቁ ይወጣል»

አይወጣም። በእጅ የሚሠራ ነው። ፕላሺጻ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ቅርፊት ፈሳሽ ያዘጋጁና በዛጎል የተሠራች ዶቃ ላይ ደጋግመው እየቀቡ ያደርቃሉ። የአቀባቡን ምስጢር ቤተሰብ ለቤተሰብ ነው የሚያወርሰው። መንገድ ላይ በርካሽ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው።

«አውሮፓ ነው፤ ሸንገን ካለኝ ጨረስኩ»

ሰሜን መቄዶንያ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የሸንገን አገሮች ውስጥም የለችም። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ሸንገን ቪዛ ይዛችሁ ከግሪክ ወደ ኦህሪድ ብትሻገሩ፣ በዚያው ቪዛ ግሪክ ተመልሳችሁ አትገቡም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲውን ጠይቁ። ገንዘባቸው ዴናር ነው፤ ተርፏችሁ ወደ ቤት ብትወስዱት የሚመነዝርላችሁ ማግኘት ያስቸግራል። ከዋና ከተማዋ ስኮፕዬ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው።

«ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ሥርዓቱ ያው የእኛው ነው»፣ «በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወቅት፣ ደግሞ ምንም የለም»

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳሁት መልሳቸው ስለሚገናኝ ነው። የእነሱ ቤተ ክርስቲያን በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ትቀበላለች፤ የእኛዋ አትቀበልም። ስለዚህ በቁርባን አንገናኝም። ሲገቡ ጫማ አያወልቁም፤ እናንተ ለማውለቅ ስታጎነብሱ በመገረም ያዩአችኋል። ሻማ ሲያበሩም በሕይወት ላለ ሰው ከላይ፣ ለሞተ ሰው ከታች ነው።

በዓላቱ ግን ይገጥማሉ። ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ጥር 11 ጋር አንድ ቀን። የበጋው ፌስቲቫል ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 20 ከተማዋን በሰው ያጨናንቃታል፤ ጃንዋሪ ላይ ሆቴሉም ይረክሳል፣ ጎዳናውም ለነዋሪው ይቀራል። በጥምቀት ቀን ካህናቱ ሐይቁ ዳር ወጥተው መስቀሉን ወደ ውሃው ይወረውራሉ። ወንዶቹ በዚያ ብርድ ተከታትለው ይዘላሉ፤ መስቀሉን ቀድሞ ያገኘ ክብሩ የእሱ ነው። እንደ ጃን ሜዳ ጸበሉን በቧንቧ የሚረጭላችሁ የለም። የፈለገ ራሱ ዘሎ ይገባል።